የኦጋዴን ጋዝ፣ የጅቡቲ ባሕርና የገረሴ ገብስ



በገረሴና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች የምትኖሩ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተሰልፋችሁ ዩሪያ ተቀብላችኋል። ነጩን ፍሬ በእጃችሁ ዘግናችሁ በስንዴውና በገብሱ ማሳ ላይ በትናችኋል። ይህ ነጭ ፍሬ ከምን እንደሚሠራ ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ሲያዩት ጨው ይመስላል፤ ጨው ግን አይደለም። ከድንጋይም የተፈጨ አይደለም። በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ዩሪያ የሚሠራው ዓይን ከማያያቸው ሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ሁላችን የምንተነፍሰው አየር ነው። ሁለተኛው ከመሬት ሥር የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ይህ ጋዝ በአገራችን በኦጋዴን መሬት ሥር አለ። መኖሩ ከታወቀ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና በዚህ ሁሉ ዘመን ገበሬያችን የተጠቀመበት ዩሪያ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ፣ በመርከብ ወደብ ላይ እየወረደ፣ ከዚያም ገረሴ እስኪደርስ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ የመጣ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ነገሩን ለመረዳት አንድ ጊዜ ከደጋችን ወርደን እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ መሄድ አለብን። ጋዙ ለምን እንደቆየ የሚገባን የባሕሩን ዳር ሥራ ስናውቅ ነውና።

ጋዝ ስንል የትኛውን ነው?

በቅድሚያ ስሙን እናጥራ። በእኛ አነጋገር «ጋዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ላምባ ነው። ላምባ ፈሳሽ ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ ዘይት ተጣርቶ ይወጣል። በከተማ በብረት ሲሊንደር የሚሸጠው ቡታ ጋዝ ደግሞ ሌላ ነው። ቡታ ጋዝ በኃይል ሲታመቅ ብርድ ሳያስፈልገው ፈሳሽ ይሆናል። ሲሊንደሩን ስትወዘውዙት ውስጡ ሲንቦጫረቅ የሚሰማው ለዚህ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ሦስተኛው ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ይባላል፤ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ከአየርም ይቀላል። ረግረግ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው፣ ከብት ሲያመሰኳ የሚያገሳው፣ በባዮጋዝ ጉድጓድ ከእበት የሚወጣውም ይኸው ሚቴን ነው። የኦጋዴኑ ግን ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ተፈጥሮ በአለት መካከል ታምቆ የቀረ ነው።

ይህ ጋዝ አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በጆንያ አይታሰር፣ በጀሪካን አይቀዳ። ቢያምቁትም እንደ ቡታ ጋዝ እሺ ብሎ ፈሳሽ አይሆንም። በዚህም ምክንያት ጋዝ ያገኘ አገር የነበረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ቧንቧ ዘርግቶ ለጎረቤት መሸጥ፣ ወይ እዚያው በቦታው በሥራ ላይ ማዋል። ሁለቱም ያልሆነለት፣ ጋዙ ከነዳጅ ዘይት ጋር ተያይዞ ሲወጣ በእሳት ያቃጥለው ነበር። ጋዝን ባሕር የሚያሻግር ብልሃት የተገኘው ዘግይቶ ነው።

እንደ አረቄ ነው

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ብልሃት ለመረዳት አይቸገርም። ድፍድፉ ይጣዳል። ይፈላል። እንፋሎቱ በመቃው ያልፋል። እንፋሎቱን የሚቀበለው ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ ብርዱ ሲያገኘው ፈሳሽ ሆኖ ጠብ ጠብ ይላል። የተፈጥሮ ጋዝንም እንደ እንፋሎት አስቡት። ልዩነቱ የብርዱ መጠን ላይ ነው። ለአረቄ የምንጭ ውሃ ይበቃዋል። ለዚህ ጋዝ ግን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል። የደጋ ገበሬ ውርጭ ያውቃል። ባቄላውን በአንድ ሌሊት የሚያጠቁረው ውርጭ እኮ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዝቅ ያለ ብርድ ነው። 162 ዲግሪ ዝቅ ያለውን እንግዲህ አስቡት!

ይህን ሁሉ ብርድ ለማግኘት የሚደከመው በከንቱ አይደለም። ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን ይኮማተራል። 600 እንስራ ሙሉ የነበረው ጋዝ በ1 እንስራ ይገባል። በዚህ ጊዜ መርከብ ላይ ሊጫን ይችላል።

ይህ ሥራ የሚከናወነው ባሕር ዳር በሚቆም ትልቅ ጣቢያ ነው። ጋዙ ከጉድጓዱ ተነሥቶ በቧንቧ ይደርሳል። መጀመሪያ ይጣራል። ውስጡ ያለው ውሃ፣ የድኝ ጋዝና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካልወጣለት በዚያ ብርድ እንደ በረዶ ይጋግርና ቧንቧውን ይደፍነዋል። ሜርኩሪ ካለበትም ያም ይወጣለታል፤ ሜርኩሪ የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ይበላልና። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። ማቀዝቀዣው በከተማ ቤት ውስጥ ከምናየው ፍሪጅ ጋር በአሠራር አንድ ነው። በመጠኑ ግን ፋብሪካ ያህላል። መኪናዎቹን የሚያሽከረክረው ኃይልም ብዙውን ጊዜ ከራሱ ከጋዙ ነው። ከመቶው ከስምንት እስከ አሥር የሚሆነው ጋዝ የቀረውን ለማቀዝቀዝ ሲባል ይቃጠላል።

ፈሳሽ የሆነው ጋዝ የሚጠራቀምበት ገንዳ እንደ ፔርሙዝ ሁለት ግድግዳ አለው። የውስጡ ኒኬል የተቀላቀለበት ብረት ነው፤ የውጩ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪት ነው፤ በመካከሉ ሙቀት የማያስገባ ነገር ይሞላል። እንዲያም ሆኖ ፔርሙዝ ውስጥ ያለ ሻይ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ ገንዳውም ቀስ እያለ ይሞቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂቱ ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። በመርከብ ጉዞ ላይ ያንን የሚተነውን ለመርከቡ ሞተር ነዳጅ ያደርጉታል። ገዢው አገር ሲደርስ ፈሳሹን ብዙውን ጊዜ በባሕር ውሃ ያሞቁትና ወደ ጋዝነቱ መልሰው በቧንቧ ለከተማና ለፋብሪካ ያከፋፍሉታል።

ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ተጭኖ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ የመጀመሪያው «ሚቴን ፓዮኒር» በተባለች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ከአሜሪካ ተነሥታ እንግሊዝ አገር ገባች። (እ.ኤ.አ. የምንለው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው።) ለንግድ የሚሆን የመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ ደግሞ በአፍሪካ ምድር፣ በአልጄሪያ አርዜው በተባለ ወደብ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የአልጄሪያ ጋዝ ሐሲ ርሜል በተባለ የሰሐራ በረሃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከበረሃው እስከ ባሕሩ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘረጋና በ8 ዓመት ውስጥ ጋዙ መርከብ ላይ ወጣ። የእኛ የኦጋዴን ጋዝም በረሃ ውስጥ ነው፤ ከባሕርም እጅግ የራቀ አይደለም። ታዲያ የእኛው ለምን ተኛ?

ካሉብ፣ ሂላላ እና ግማሽ ምዕተ ዓመት

የአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ በሽላቦ አካባቢ በካሉብ ጋዝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሂላላ የተባለውም ቦታ ተከተለ። ብዙ ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ ከዚያም ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የ1969–70 ዓ.ም. ጦርነት ያንኑ አገር አመሰው። ቴኔኮ ሄደ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች መጥተው ካሉብ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። መንግሥት ሲለወጥ እነሱም ሄዱ። የማሌዢያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ። ሌሎችም እንዲሁ።

በዚህ መካከል ደም ፈስሷል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች አቦሌ በተባለ ቦታ በአንድ የቻይና ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ ጥቃት አድርሰው 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ግንባሩ ከመንግሥት ጋር ሰላም የተፈራረመው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ጥይት በሚጮህበት አገር ማን ቢሊዮን ዶላር ያወጣል?

ጦርነት ብቻውን ግን ምክንያቱ አይደለም። ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ። አንደኛው የጋዙ መጠን ነው። በካሉብና በሂላላ ያለው ከ100 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ እንደሚሆን ሲገመት ቆይቷል። ለእኛ ብዙ ነው። ሐሲ ርሜል ግን የዚህን ሃያ እጥፍ ግድም ይዞ ነበር የተነሣው። የባሕር ዳር ጣቢያ ደግሞ ትንሽ ሆኖ አያዋጣም። ማቀዝቀዣው፣ ገንዳው፣ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ፣ ሁሉም ወጪያቸው ከባድ ስለሆነ ብዙ ጋዝ ለብዙ ዓመት ካላለፈባቸው ዕዳ ይሆናሉ። ሁለተኛው ባሕሩ ራሱ ነው። አልጄሪያ የራሷ ባሕር ዳር አላት። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የለንም። ጣቢያው የሚቆመው በሰው አገር ነው፤ ቧንቧው የሰው አገር ያቋርጣል፤ ከሚገኘው ገንዘብም ለመተላለፊያ ይከፈላል።

እንደዚያም ሆኖ ተሞክሯል። ፖሊ-ጂሲኤል የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። ዕቅዱ ከኦጋዴን እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ መዘርጋትና ከጅቡቲ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዳመርጆግ በተባለ ባሕር ዳር የማቀዝቀዣ ጣቢያ ማቆም ነበር። ጣቢያው ሲጀምር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ፈሳሽ ጋዝ እንዲያወጣ ታስቦ ነበር። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ስለ ቧንቧው ስምምነት ተፈራረሙ። ወረቀቱ ተፈረመ፤ ቧንቧው አልተዘረጋም። ገንዘቡ አልተገኘም፤ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዕድን ሚኒስቴር የኩባንያውን ፈቃድ ሰረዘ። የዳመርጆግ ጣቢያም በወረቀት ቀረ።

ከጉድጓዱ ሥር የቆመው ፋብሪካ

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካሉብ ላይ አንድ የጋዝ ፋብሪካ መረቁ። ሠሪው ጎልደን ኮንኮርድ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ፋብሪካ ባሕር ዳር አይደለም። ጋዙን እዚያው ከጉድጓዱ አጠገብ አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ነው። ፈሳሹ እንደ ፔርሙዝ በተሠራ ቦቴ መኪና ሊጓዝ ይችላል፤ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧም አይጠብቅም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ዓመታዊ አቅም 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው ተብሏል። ሲሰሙት ትልቅ ነው። ከባሕሩ ጋር እናስተያየው። በዛሬ ጊዜ የሚሠሩት ትልልቅ የጋዝ መርከቦች አንዳቸው 174,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 174 ሚሊዮን ሊትር ይጭናሉ። እንግዲህ ካሉብ በዚህ አቅሙ አንድ መርከብ ለመሙላት ከዓመት ከመንፈቅ በላይ መሥራት አለበት። ሁለተኛው ምዕራፍ 1 ቢሊዮን 330 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል ተብሏል፤ ይህም በዓመት ሰባት ወይም ስምንት መርከብ ነው። የዳመርጆግ ዕቅድ 3 ሚሊዮን ቶን ወደ 38 መርከብ ይሆን ነበር። ኳታርስ? እ.ኤ.አ. በ2023 የኳታር ጣቢያዎች አቅም በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በየቀኑ ከሁለት መርከብ በላይ ማለት ነው። ከእነዚህ ጋር ገበያ ወጥቶ መወዳደር አንድ ቁና ገብስ ይዞ ከባለ ጎተራ ጋር ዋጋ እንደ መከራከር ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ጋዙን እንዴት አድርገን ወደ ባሕር እናውርደው?» ብቻ ሊሆን አይገባውም። «ጋዙን ምን አድርገን ብንለውጠው ይሻላል?» ብለንም መጠየቅ አለብን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ገረሴ የሚደርሰው።

በ2014 ዓ.ም. ዩሪያ ለምን ተወደደ?

የዚያን ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ያልረሳ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ አንድ ኩንታል ዩሪያ በአማካይ 23 ዶላር ግድም ነበር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. 92 ዶላር ደረሰ። አራት እጥፍ! ገረሴ ያለ ገበሬ ምን በደለ?

ምክንያቱ በባሕር ዳር ጣቢያዎች በኩል ነው የመጣው። አውሮፓ ጋዝ የምትገዛው በብዛት ከሩሲያ በቧንቧ ነበር። ጋዙ አስቀድሞ መወደድ ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ጭራሽ ባሰ። አውሮፓውያን ፊታቸውን ወደ ፈሳሽ ጋዝ መርከቦች አዞሩ። ብዙ የከፈለ መርከቡን ወሰደ። ለእስያ ይሄድ የነበረ ጭነት ባሕር ላይ እያለ መንገዱን ቀየረ። በባንግላዴሽ የዩሪያ ፋብሪካዎች ጋዝ አጥተው ቆሙ። በአውሮፓም ጋዙ ስለተወደደ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ። ዩሪያ ከዓለም ገበያ ጎደለ፤ ዋጋው ጣራ ነካ። ገረሴን አይቶ የማያውቅ ነጋዴ በማያውቀው ባሕር ላይ የጨረሰው ዋጋ መጥቶ የእኛን ገብስ አገኘው።

ከጋዝ ዩሪያ የሚወጣው እንዲህ ነው። ጋዙ በእንፋሎትና በከፍተኛ ሙቀት ይበተንና ሃይድሮጂን የተባለው ክፍሉ ይለያል። ሃይድሮጂኑ ከአየር ከሚወሰድ ናይትሮጂን ጋር በኃይለኛ ግፊት ሲዋሃድ አሞንያ ይሆናል። አሞንያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ሲደርቅ ዩሪያ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጂን ነው። ቅጠሉን የሚያለመልመው እሱ ነው።

አሁን የሚደንቀውን ነገር እንመልከት። ፈሳሽ ጋዝ ለመጫን ያ ሁሉ ማቀዝቀዣ፣ ያ ሁሉ ባለ ሁለት ግድግዳ ገንዳ፣ ልዩ መርከብም ያስፈልጋል። ጋዙን ዩሪያ ካደረግነው ግን በጆንያ ይገባል። ለገበሬው በመኪና ይሄድለታል። የተረፈው ለውጭ ገበያ ቢወጣ እንኳ ማንኛውም የእህል መርከብ ይጭነዋል። ብርድ አይጠይቅም። በእኛ አስተያየት የባሕር በር ለሌለው፣ ጋዙም መካከለኛ ለሆነ አገር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ይህ አሳብ የኛ ብቻ አይደለም፤ ተጀምሯል። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቆም ተፈራረሙ። በስምምነቱ ወጪው 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ድርሻው ለዳንጎቴ 60 ለኢትዮጵያ 40 ከመቶ፣ ምርቱ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን እንዲሆን ነበር የታሰበው። 3 ሚሊዮን ቶን 30 ሚሊዮን ኩንታል ነው። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በዓመት ያስገባችው የሁሉም ዓይነት ማዳበሪያ ድምር 20 ሚሊዮን ኩንታል ግድምና ከዚያም ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው እንደተባለው ቢሠራ ዩሪያ ለአገር ተርፎ ይሸጣል ማለት ነው። መሠረቱ የተጣለው ካሉብ በተመረቀበት ቀን ነው፤ የተሰጠውም ጊዜ 40 ወር ነው። ብትቆጥሩት ጥር 2021 ዓ.ም. ላይ ያደርሳችኋል።

አንባቢ ሆይ፣ ቁጠር እንጂ ገና በእጅህ እንዳለ አድርገህ አትያዘው። በኢሉ አባቦራ ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ይወጣል ተብሎ የተጀመረው ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ በልቶ ሳያልቅ ቀርቷል። ደግሞስ ፋብሪካው በአገር ውስጥ መኖሩ ብቻ ዋጋውን ያረክሰዋል ማለት አይደለም። ባለ ፋብሪካው ለውጭ ገዢ በሚሸጥበት ዋጋ ለእኛም ልሽጥ ቢልስ? የመርከቡና የጅቡቲ መንገድ ወጪ መቅረቱ የታወቀ ነው። የቀረው እንዴት እንደሚሆን ግን የሚወሰነው በውሉ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁና በዩኒየናችሁ ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ ማንሣት የእናንተ ፈንታ ነው። ፋብሪካው ከመቆሙ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ፣ ከቆመ በኋላ ከሚሰማ እሮሮ ይሻላል።

የካሉብም ሰው አለ

ስለ ራሳችን ማዳበሪያ ስናስብ ጋዙ የሚወጣበትን አገር አርብቶ አደር መዘንጋት አይገባም። የእሱ ግመሎች የሚሰማሩት ጉድጓዱ በተቆፈረበት መሬት ላይ ነው። በሞዛምቢክ ሰሜን፣ አፉንጂ በተባለ ባሕር ዳር የጋዝ ጣቢያ ለማቆም የመንደር ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ኪቱንዳ በተባለ አዲስ ሰፈር ገብተዋል። ከእነሱም ዓሣ አጥማጆች የነበሩት ከባሕሩ ራቁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ታጣቂዎች በአጠገቡ ያለችውን የፓልማ ከተማ አጠቁ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የጋዙ ገንዘብ ገና ሳይመጣ መከራው ቀድሞ መጣ። እርሻ መሬቱ በመንገድ ወይም በፋብሪካ የተወሰደበት የጋሞ ገበሬ የካሉብን አርብቶ አደር ጥያቄ ለመረዳት አይቸግረውም።

አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1944 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ አንድ የፈሳሽ ጋዝ ገንዳ ተሰነጠቀ። በጦርነቱ ምክንያት ኒኬል ስለጠፋ ብረቱ የሚገባውን ያህል አልተደረገበትም ነበር፤ ብርዱን አልቻለም። ፈሳሹ ወደ ከተማው የቆሻሻ ቦይ ፈስሶ ተቀጣጠለ፤ 130 ያህል ሰው ሞተ። በአልጄሪያ ስኪክዳም ጃንዋሪ 19 ቀን 2004 በደረሰ ፍንዳታ 27 ሰዎች ሞተዋል። የዛሬዎቹ ገንዳዎች ባለ ሁለት ግድግዳ የሆኑት፣ በዙሪያቸውም መከላከያ የሚደረገው ከእነዚህ አደጋዎች በተገኘ ትምህርት ነው።

እስከዚያው ግን

ጥር 2021 እስኪደርስ ያለው ዩሪያ ያው ባሕር የተሻገረው፣ ውዱ ነው። ስለዚህ እንዳይባክን ማድረጉ በእጃችን ነው።

የጋሞ ደጋ አፈር ብዙ ቦታ ላይ አሲዳማ ነው። ዩሪያ ለዓመታት ብቻውን ሲደረግበት አሲዱን ይጨምራል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ኖራ ሳያደርጉ ዩሪያ መጨመር በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። የግብርና ባለሙያው አፈሩን አስመርምሮ የኖራውን መጠን እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጂንን ብቻ እንደሆነም አትርሱ። ፎስፈረስ ከጋዝ አይወጣም፤ ከሌላ ማዳበሪያ ነው የሚመጣው። ጓሮው እንሰት ሥር የሚደፋው ፍግ ደግሞ ሁሉንም በመጠኑ ይሰጣል፤ እናቶቻችን ይህን ያወቁት ዩሪያ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ዩሪያን በደረቅ መሬት ላይ በትናችሁ አትተዉት። ፀሐይና ጤዛ ሲያገኘው ይበተንና አሞንያ ሆኖ ይተናል። ከጋዝ የመጣው ተመልሶ ጋዝ ይሆንና ገንዘባችሁ በነፋስ ይሄዳል። አፈሩ ሲረጥብ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍላችሁ፣ ከሰብሉ ጎን አድርጋችሁ አፈር አልብሱት። ጆንያውን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀምጡ፤ እርጥበት ካገኘው ይጓጉላል። ከብት የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ጨው መስሏት አንዲት ላም ዘግነው ከሚሞሉት እፍኝ ብዙም ያላለፈውን ብትልስ ልትሞት ትችላለች። ባዶውን ጆንያም ሳታጥቡ ለእህል ወይም ለከብት ጨው አታድርጉት።